በባትሪ የምትከንፍ ዳክዬ

አሁን የማወራላችሁን ሰምታችሁ «ጊዜዬ ባከነ» የምትሉ ከሆነ፣ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ወዳለችው የቴፕና ራዲዮ መጠገኛዬ ብቅ በሉና ራዲዮአችሁን በነፃ እሠራላችኋለሁ። እንደማትመጡ እርግጠኛ ስለሆንኩ ነው እንዲህ የደፈርኩት። ወጉ ስለ አንዲት የፕላስቲክ ዳክዬ ነው። አትሳቁ። ያጎቴን ልጅ ሰርግ ልታስቀር ጥቂት ነበር የቀራት።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላስረዳ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። ዕቃ ካገሩ ሲወጣ የተሠራበትን ሐሳብ እዚያው ትቶ ነው የሚወጣው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ባዶውን ይደርስና የራሳችንን ሐሳብ እንሞላበታለን። የተበላሸ ዲሽ በርበሬ ይሰጣበታል። የሞተ ቴሌቪዥን ሆዱ ይወጣና ዶሮ ትታቀፍበታለች። የመኪና ጎማ ጫማ ይሆንና ከመኪናው የበለጠ አገር ይዞራል። ይህ ብልሃት ነው፤ እኔም እንጀራዬን የምበላው በዚሁ ነው። አልፎ አልፎ ግን ግትር ዕቃ ያጋጥማል። ምንም ብትሞሉበት፣ ፈጣሪው የነገረውን የማይረሳ።

ዳክዬዋን ያመጣት ሙደሲር ነው። ሙደሲር ያክስቴ ልጅ ነው፤ ፈረንጅ የሚያስጎበኝ መኪና ይነዳል። እንግዶቹ «ተበላሽታለች» ብለው ሲጥሏት አነሳት፤ በደጄ ሲያልፍ «ሞተር አላት፣ ትጠቅምሃለች» ብሎ ወረወረልኝና መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ለምን እንደምታገለግል አልነገረኝም። እኔም ሰው መጠየቅ አልወድም፤ ራሴ ደርሼበት ማስረዳት ነው የምወደው።

እግር የላትም፤ በብረት ዘንግ ላይ ነው የምትተከለው። ክንፎቿ ባንድ ፊታቸው ነጭ፣ በሌላው ጥቁር ናቸው። የተቃጠለውን ሞተሯን አውጥቼ ከአንድ የሞተ ቴፕ የወሰድኩትን ተከልኩላትና ከሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር ሳገናኛት ክንፎቿ ተሽከረከሩ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፤ ዓይን ታጥበረብራለች። መናኸሪያው ግማሹ ደጄ ላይ ተሰበሰበ። አንዱ የፈረንጅ ልጆች መጫወቻ ናት አለ። ሌላው ቬንትሌተር ናት፣ ሙቀት አገር ነው የምትሠራው አለ። ይህ ክርክር እንደጦፈ ነው አጎቴ ከድር ለሰርግ ዕቃ ሊገዛ ከቦኖሻ መጥቶ በሩ ላይ የቆመው።

አጎቴ ከቦኖሻ ወጣ ብሎ፣ ቦዮ ሐይቅ ዳር የሚያርስ ሰው ነው። ክረምት ሲወጣ ሐይቁ ይሸሻል፤ የሸሸበትን ጭቃ እግር በእግር እየተከተለ ጤፍ ይዘራበታል። ያ ጤፍ ያምራል። ማማሩን ግን ከአጎቴ ቀድሞ የሚያውቀው ዳክዬ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ጤፉ መካከል ማማ ይቆማል፤ ማማው ላይ ደግሞ ወንጭፍ የያዘ ሰው ይወጣል። የዚያን ዓመት የምትወጣው የመጨረሻ ልጁ ዘይነባ ነበረች። ሌሎቹ አግብተው ወጥተዋል። የእሷም ሰርግ ለጥር ተቆርጧል። የሰርጉ እንጀራ የሚጋገረው ከዚያ ጤፍ ነው፤ አጎቴ «እንግዳዬን በገዛ ማሳዬ አበላለሁ» ብሎ በአማቾቹ ፊት ተናግሯል። ዘይነባ ከማማው ከወረደች ዳክዬ ጤፉን ይጨርሳል። ካልወረደች ሙሽራዋ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ፊቷ በፀሐይ ከስሎ ትዳራለች። ሰውየው እንቅልፍ ያጣው በዚህ ነው።

እንግዲህ አብራችሁኝ አስቡ። በእኛ አካባቢ ዳክዬ በእስላሙም በክርስቲያኑም ድስት ገብታ አታውቅም። ስለዚህ ከዳክዬ ጋር ያለን ጉዳይ አንድ ብቻ ነው፤ እንድትሄድልን። ፈረንጅም ገበሬ አለው፣ ማማ ላይ መጮህ ይሰለቸዋል። ታዲያ ይህን ሁሉ ሞተርና ቀለም የደከመበት ለማባረር ካልሆነ ለምን ይሆናል? ሊጠራት? ጠርቶስ ምን ሊያደርጋት? ደጄ ላይ የነበረው ሕዝብ አንድም ሰው ሳይቀር ተስማማ። እኔም ነጭና ጥቁር ሲፈራረቅ የወፍ አንጎል እንዴት እንደሚዞር በሰፊው አስረዳሁ።

አጎቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ዘይነባን ከማማ ታወርድልኛለች?»

«ታወርዳለች» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ዳክዬዋን ይዤ ስደርስ አጎቴ ማሳ ዳር ሰው ተሰብስቧል። የልማት ሠራተኛው ሳይቀር «ልምድ ለመቅሰም» መጣ፤ ያኔ ሁሉም ነገር ልምድ ነበር፣ ሁሉም ነገር ይቀሰም ነበር። ጋሽ ተስፋዬም ነበሩ። ጋሽ ተስፋዬ ከሰሜን መጥተው ቦኖሻ ያረጁ አስተማሪ ናቸው፤ አጎቴን ካልተረቡት ቁርስ አይበላላቸውም። ዘይነባ ከማማዋ ወርዳ ወንጭፏን ወገቧ ላይ አሰረች። ዘንጉን ማሳው መካከል ተከልኩ፤ ሽቦውን አገናኘሁ።

በሐይቁ ላይ ከፍ ብሎ ያልፍ የነበረ የዳክዬ መንጋ ድንገት ታጠፈ።

«ፈሩ» አለ አጎቴ።

መንጋው በላያችን ዞረ። ሲፈራ ወፍ እንደሚዞር አስረዳሁ። ደግሞ ዞረ፤ ዝቅ አለ። ክንፉን ዘረጋ። እግሩን አወረደ። እኔ እያስረዳሁ ነው። ከዚያ ቧ! ጤፉ ውስጥ አረፉ። ከኋላቸው ሌላ መንጋ፣ ከዚያም ሌላ። ዳክዬ በየዓመቱ ይመጣ ነበር፤ የዚያን ጠዋት ግን እንደተጠራ ሰው፣ ሳይሳቀቅ ነው የመጣው።

ጋሽ ተስፋዬ ኮታቸውን አስተካከሉ። «ከድር፣ የእኔ የሰርግ ጥሪ እስካሁን አልደረሰኝም። የእነሱ ቀድሞ ደረሰ እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አጎቴ አልሳቀም። ከዘራውን ይዞ ወደ ማሳው ሲገባ ፊቱን አይቼ ማስረዳቴን አቆምኩ፤ ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዘራው በፕላስቲኳ ዳክዬ ራስ ላይ ሲነሳ ግን ዘይነባ ደርሳ እጁን ያዘችው።

«አባ፣ አትስበራት። ጥሪ ታውቅበታለች። ማዶ ወስደን እዚያ ትጥራቸው።»

ማዶ ማለቷ ረግረጉን ነው። ደንገል የበዛበት፣ በሬ የሚሰምጥበት፣ ማንም የማያርሰው። በወንጭፍ እያባረርን፣ በጭቃ እየተንቦራጨቅን ዘንጉን እዚያ ተከልነው። መንጋው ዞረ፤ ረግረጉ ላይ አረፈ። ጤፉ ተነፈሰ። እኔም እንደገና ማስረዳት ጀመርኩ።

ግን ዳክዬ ሞኝ አይደለም። ጥቂት ቀን ተታለለና «ይቺ ዘመዳችን ክንፏን ታራግባለች እንጂ ገበታ የላትም» ብሎ ወደ ጤፉ ማየት ጀመረ። ሞተሩን ላፈጥነው ፈለግኩ። አጎቴ ግን ችግሩን በሌላ በኩል አየው። በእኛ ዘንድ ሰው ጠርቶ ባዶ አፉን መስደድ ትልቅ ነውር ነው፤ የተጣላኸው ሰው እንኳ ከጠራኸው ይበላል። ከአምና አውድማ የተረፈውን የጤፍ ግርድ በጆንያ ተሸክሞ ሄደና ረግረጉ ዳር በተነው። በማግስቱም በተነ። ጋሽ ተስፋዬ ሲያዩት «ለዳክዬ ዳስ ጣልክላቸው?» አሉት። «ዳስ ከጓዳ ራቅ ሲል ነው ደጉ» አላቸው።

ጤፉ ታጨደ። ዘይነባም ማማ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ሂናዋን ተቀባች። እልል ሲባል የእሷም ድምፅ ጥርት ያለ ነበር፤ ሙሽራ እልል አትልም ቢሏት አልሰማችም።

የሙሽራዋን መኪና የነዳው ሙደሲር ነበር። እንጀራውን ከበላ በኋላ ሐይቁን ሊያይ ወጣ ሲል ዳክዬዋን በዘንጓ ላይ አያትና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ነገረን። ፈረንጆቹ አዳኞች ናቸው። ዳክዬዋን ውሃ ዳር ይተክላሉ፤ ደንገል ውስጥ ይደበቃሉ፤ ሌሎቹ ዘመድ መስሏቸው ሲወርዱ ይተኩሳሉ። ከዚያ ይጠብሷቸዋል።

እኔ ወዲያው ገባኝና ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። አጎቴ ግን ቀደመኝ።

«ጠርተው?» አለ።

«አዎ።»

«ጠርተው ይገድላሉ?»

ሙደሲር ትከሻውን ሰበቀ። እንግዶቹ እንደገና ስለሚመጡ፣ መጠገኗን ከሰሙ ደስ ይላቸዋልና ልውሰድላቸው አለ። አጎቴ ዳሱን አየ፤ የሚበላውን ሰው አየ፤ ረግረጉ ላይ የሚለቅመውን መንጋ አየ።

«አልሰጥም» አለ። «እኛ ጠርተን እናበላለን፤ እነሱ ጠርተው ይበላሉ። እኛ ዘንድ ትቆይ፣ ጠባይ ትማር።»

ዳክዬዋ እስከ ዛሬ እዚያው ናት። ማሳችሁን ወፍ የጨረሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ሞክሩት፤ ቀላል ነው። ካሮጌ ቴፕ ሞተር አውጡ። ከተጣለ ነጠላ ጫማ ገላዋን ቅረጹ፤ ከቆርቆሮ ክንፍ ቁረጡ፤ ባንድ ፊቱ ኖራ፣ በሌላው ጥላሸት ቀቡት። ከማሳችሁ ራቅ አድርጋችሁ ትከሏት። ሽቦውን ከማገናኘታችሁ በፊት ግን እፍኝ ግርድ በትኑ። እኔ ሞተሩን ነው የማውቀው፤ ይህኛውን አጎቴ ነው ያስረዳኝ። በሉ ሂዱ፣ ሞክሩት።