ውሃ ሊቀዳ የሄደው ሰው ሊቀመንበር

በጎጃም ወታደር የነበረ ሊቀመንበር ያልገዛው ቀበሌ የለም፤ አለ የሚለኝ ካለ፣ ያ ቀበሌ ገና አልተሰለፈም ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ከጦር ሜዳ ይመለሳሉ፤ ጦር ሜዳው ግን እግር በእግር ተከትሏቸው ይመጣል።

ከይጁቤ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ላለችው ለትውልድ ቀበሌዬ የደረሷት ክቡር አሥር አለቃ ፈንታ ናቸው። ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ምሽግ ቆፍረዋል፤ ማህተሙና መዝገቡ የሚያድሩት እዚያ ነው። ማህተም የፈለገ ነዋሪ ተንበርክኮ ይገባል። ሠርግ ቤት ሚዜዎቹን በቁመታቸው ያሰልፋሉ። ገበያ ሲወጡ ባለቤታቸው ወይዘሮ ንግስት አሥር እርምጃ ወደኋላ ቀርተው እንዲከተሉ ታዘዋል፤ "አንድ ጥይት ሁለት ሰው መምታት የለበትም!"

"ሃያ ዓመት በትዳር ኖርን፤ ጀርባውን እንጂ ፊቱን በወጉ አይቼው አላውቅም" ይላሉ ወይዘሮ ንግስት።

ይህን ማርቆስ ካፌ ውስጥ ሳወራ ሰው ከወንበር እስኪወድቅ ይስቃል። ስም ጥሪው ላይ ስደርስ ግን ሳቁም ማኪያቶውም ይቀዘቅዛል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሾላው ሥር፣ እያንዳንዱ በየድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። አሥር አለቃ ተረከዛቸውን ገጥመው "ስም ይጠራ!" ይላሉ። "አንተነህ ወልደ ሚካኤል!" "አለ!" "ዓባይ የሽዋስ!" "አለ!" "አምሳሉ ውበቱ!"

ዝም።

አሥር አለቃ ጆሯቸውን ወደ ወንዙ ያዘነብላሉ፣ በልባቸው እስከ አሥር ይቆጥራሉ፣ ከዚያ "ውሃ ሊቀዳ ሄዷል" ብለው መዝገቡ ላይ ይጽፋሉ። ይህን መጻፍ ከጀመሩ ሃያ ምናምን ዓመት ሆኗቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቀበሌዋ ስድስት ጎረምሶች ወደ ሰሜን ዘመቱ፤ አምስት ተመለሱ። አምሳሉ አንድ ጉም የበዛበት ማለዳ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ሲወርድ፣ "ፈንታ፣ ስም ከተጠራ አለ በልልኝ" አለ። ስም ተጠራ። ፈንታ አለቃውን ፈራና ዝም አለ። አምሳሉ "ጠፍቷል" ተብሎ ተጻፈ። የሞተ ሰው መርዶው ይነገራል፣ ይለቀስለታል፣ ተዝካሩ ይወጣል። የጠፋ ሰው ያለው አንድ ባዶ ድንጋይ ነው። እናቱ እማማ ሥራነሽ በየእሑዱ ከዚያ ድንጋይ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ስብሰባው ስለ ምን እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም። የልጃቸውን ስም ሰምተው ነጠላቸውን አራግፈው ይሄዳሉ።

ድንጋዩ ላይ ማንም አይቀመጥም። አንድ ጊዜ አዲስ የመጣ የግብርና ባለሙያ ሳያውቅ ቁጭ ብሎ እንደተነደፈ ሰው ተፈናጥሮ ተነሣ። "ይሞቃል!" አለ። "ሰው አሁን የተነሣበት ይመስላል!" ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ጸሐይ ካየን ሁለት ሳምንት አልፎናል።

ባለፈው ነሐሴ የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጌ ስሄድ፣ ጉሙ ሾላውን እስከ አንገቱ ውጦታል። ከወረዳ ወይዘሪት ማርያማዊት ኮምፒውተር ይዛ መጥታለች፤ መዝገቡ ወደዚያው ሊገለበጥ ነው።

"ጋሼ ፈንታ፣ ይኼ አምሳሉ የሚሉት የት ነው ያለው?"

"ውሃ ሊቀዳ ሄዷል።"

"መቼ?"

"የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት።"

ከኋላ አንዱ "ወረፋ በዝቶበት ነው" አለ፤ ማንም አልሳቀም።

"እኔ የታዘዝኩትን ነው ጋሼ። ዛሬ ስሙ ተጠርቶ ያልመለሰ ይሰረዛል።"

እማማ ሥራነሽ ቀና አሉ። "ልጄ፣ ከሰረዝሽው በኋላ ስሙን ማን ይጠራልኛል?"

ማርያማዊት ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች። አሥር አለቃ ደግሞ ወታደር ናቸው፤ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ጥሪውን ጀመሩ። አምሳሉ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው እንደ በግ ተንቀጠቀጠ። ያን ጊዜ እንደ ፈሩት ነው የፈሩት፤ አሁን ደግሞ ጠሪው ራሳቸው ስለሆኑ መመለስ አይችሉም።

"አምሳሉ ውበቱ!"

ማን እንደገፋኝ አላውቅም። ከሾላው ጀርባ ተሸሽጌ፣ ባለኝ ጉሮሮ ሁሉ "አለ!" አልኩ።

"አለ!" ተባለ ደግሞ። ከወንዙ በኩል፣ ከጉሙ ውስጥ። ዳገት እንደወጣ ሰው እያለከለከ።

የገደል ማሚቶ እንዳልል፣ ማሚቶ አያለከልክም። ማርያማዊት "አለ" ብላ መዘገበች፤ ማን እንደመለሰም አልጠየቀችም። አሥር አለቃ ወደ ወንዙ ዞረው ሰላምታ ሰጡ። "ዘገየህ" አሉ ቀስ ብለው፤ እጃቸውን ለማውረድ ግን ብዙ ቆዩ።

ደብዳቤዬን ምሽግ ውስጥ ተንበርክኬ ተቀበልኩ። "የዚህ ደብዳቤ ባለቤት፣ ስም ሲጠራ ለጓዱ የሚመልስ ሰው መሆኑን እናረጋግጣለን" ይላል። ያስገባሁበት መሥሪያ ቤት ትርጉሙ አልገባውም፤ መለሰልኝ። ኪሴ ውስጥ ነው፤ ስለ እኚህ ሰው ባሾፍኩ ቁጥር ይቆረቁረኛል።

ስወጣ እማማ ሥራነሽ መንገድ ላይ ጠበቁኝ። ፊታቸው ፈክቷል።

"ድምፁ ጎርነን ብሏል አይደል? ሃያ አምስት ዓመት ቀላል ነው?"

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ ነኝ ከሾላው ጀርባ..."

"የአንተንማ መች አጣሁት ልጄ" አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ሌላኛውን ነው የምልህ።"