ከወንበሬ አልነሳም

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት ሕልም አየሁ። ሰማዩ ጸጥ ብሏል፤ የሚናወጠው ምድሩ ነው። ሰዉ ቤቱ ውስጥ ቀበቶ አስሮ መዋል ቢሰለቸው እንቅልፍ ፍለጋ አውሮፕላን ይሳፈራል። እኔም ተሳፈርኩ። የበረራ አስተናጋጅ ነኝና ተሳፋሪዎቹ ተሻምተው የክብር ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ ቀበቶዬንም አጠበቁልኝ።

"በሞቴ እንዳትነሺ" አለችኝ አንዲት ወፍራም ነጋዴ። "አስተናጋጅ የቆመች እንደሆነ አውሮፕላኑ ይናወጣል።"

"ማን ሊነሳ" አልኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ሳበላ ኖሬ መቀመጥ አምሮኝ ነበር።

በመስኮት ሳይ ካፒቴኑ ክንፉ ላይ ቆሞ ደመናውን እንደ ከብት በጅራፍ ይነዳል። ወዲያው አንዲት ዶሮ የምግብ ጋሪ እየገፋች መጣች።

"ሰው ይሻልሻል ወይስ ፓስታ?"

"ሰው።"

"ሰው አልቋል። አገልግሎት ቀንሰናል።"

"ታዲያ ምን አስጠየቀሽ?"

"ደንብ ነው" ብላ አለፈች። አልተቀየምኳትም፤ እኔም ስንቱን ተሳፋሪ እንዲህ ብዬዋለሁ።

ከኋላዋ አባባ ወልደሰንበት ብቅ አሉ። እግሬን ለጀሶ የዳረጉኝ እሳቸው ናቸው። ባለፈው በረራ አየሩ ሲንጠን፣ ሁሉም ቀበቶውን አስሮ ሳለ፣ "ልጄ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ትንሽ ሻይ" አሉኝ። ሽማግሌ እንዴት እምቢ ይባላል ብዬ ተነሳሁ። ጣሪያው ተቀብሎ ለወለሉ አስረከበኝ። ሐኪሙም "ሳልፈቅድልሽ ከረገጥሽበት መብረርን እርሺው" ብሎኛል።

በሕልሜ ግን ሻዩን የያዙት እሳቸው ነበሩ። ሽማግሌ ቆሞ እኔ ተቀምጬ! ጉልበቴ ልነሳ ልነሳ አለኝ፤ "ኖር" የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰች። ቀበቶዬን ጨበጥኩ።

"አባባ፣ አልነሳም።"

ሽማግሌው ሻዩን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ ጠብታ አልፈሰሰም።

"እሰይ የኔ ልጅ" አሉኝ፤ "አሳዳጊሽ ይባረክ።"

ደስ አለኝ። ተመልሼ እንደምበር እርግጠኛ ሆንኩ። ሻዩን ፉት ልል ስል በሩ ተንኳኳና ነቃሁ።

ጠያቂ ቤቱን ሞልቶታል። አባባ ወልደሰንበት ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው እየገቡ ነው። አንድ ሰው "ኖር" ሲል ሰማሁ፤ ድምፁ የኔ ነበር። በጀሶው እግሬ ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። ከሥሬ ቀጭ ሲል ሁላችንም ሰማን።

"በእግዜር፣ ልጄ" አሉ አባባ። "በሞቴ እንዳትነሺ።"