ክቡር አቶ እውነትህን ነው

መጨረሻ ያነጋገረውን ሰው ሐሳብ ይዞ የሚዞር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እንዲህ ያለው ሰው ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ አንድ ሐሳብ ይዞ ይወጣል፤ ዳቦውን ታቅፎ ሲመለስ ሐሳቡ የዳቦ ሻጩ ነው። አድርባይ እንዳትሉት። አድርባይ ጥቅሙን ያውቃል። ይሄኛው ግን ከልቡ ነው የሚያምነው፤ የሰውን ነገር ከባለቤቱ በላይ ያምንለታል።

በሰፈራችን የልብስ ሰፊዋ ባል፣ ቀለም ቀቢው፣ የዚህ ወገን አለቃ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ማዕረግ ሰጥቶ "ክቡር አቶ እውነትህን ነው" ይለዋል። ማንም ምንም ቢነግረው አንገቱን ዘንበል፣ ብሩሹን ከፍ አድርጎ ይሰማና "እሱስ እውነትህን ነው፤ እኔ እንደሱ አላየሁትም ነበር" ይላል።

የግቢውን በር ያየ ሌላ ምስክር አያሻውም። መጀመሪያ አረንጓዴ ቀባው። አንዱ አላፊ አግዳሚ "ምነው መድኃኒት ቤት አስመሰልከው!" ሲለው ሰማያዊ አደረገው። አንዷ ደግሞ "ሰማያዊ እድፍ ያጋልጣል" አለችው፤ ቡናማ ሆነ። ቡናማውን ያዩት ሁሉ ተሰብስበው ለአረንጓዴው አዘኑለት። በሩ ቀለም በቀለም ላይ ሲደረብበት ወፍሮ ወፍሮ ከመቃኑ ጋር አልገጥም ስላለ ዛሬ በድንጋይ ተደግፎ ነው የሚያድረው። ሚስቱ "ሌባ ቢገባስ?" ስትለው "እውነትሽን ነው" ብሎ የቀለም መፋቂያውን ያነሳል። "ደግሞ ሌባ ከዚህ ቤት ምን ሊወስድ!" ስትል "እሱስ እውነትሽን ነው" ብሎ መልሶ ያስቀምጠዋል።

እሷ የዚህ ተቃራኒ ናት። አንዴ መቀሷን ጨርቅ ላይ ካሳረፈች መመለስ አታውቅም። ታዲያ እነዚህ ሁለቱ እንዴት ተጋቡ የሚል አይጠፋም። ቀለም ቀቢው መጀመሪያ የመጣው ለራሱ አልነበረም፤ የሚወዳት ጓደኛው ሄዶ እንዲናገርለት ልኮት ነው። ልጅቱ ጓደኛውን የማትፈልግበትን ምክንያት አንድ በአንድ ዘረዘረችለት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማትና "እውነትሽን ነው፤ እኔ ብሆንም አላገባውም" አላት። እንዲህ ያለ መልእክተኛ አይታ ስለማታውቅ ሳቀች። ከተጋቡ ወዲህ ግን ካሳቃት ቀን ያናደዳት ቀን ይበልጣል።

ዘንድሮ ደግሞ ነገሩ ከበር ቀለም የከፋ ሆነ። ልብስ ሰፊዋና ታናሽ እህቷ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሁለት የስፌት መኪና ጎን ለጎን ዘርግተው ነው የሚሠሩት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ታናሺቱን ያሳደገቻትም መርፌ ያስያዘቻትም ታላቂቱ ናት። አንድ ቀን ታናሺቱ የቀሚስ እጅጌ ሰፍታ ጨረሰች። ታላቂቱ አነሳችው፣ አገላበጠችው፣ ከዚያ ደንበኛዋ እዚያው ቆማ ሳለች አንድ ቃል ሳትናገር ስፌቱን ተረተረችው።

ደንበኛዋ ስትወጣ ታናሺቱ "እትዬ፣ ሽበት እስካወጣ ነው ስፌቴን የምትተረትሪው?" አለች።

"አሳምረሽ ስትሰፊ እተዋለሁ" አለች ታላቂቱ።

በማግስቱ በሁለቱ መኪኖች መሀል መጋረጃ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ታናሺቱ ከተማው ዳር ሌላ ክፍል አገኘች፤ ቅዳሜ መኪናዋን ይዛ ልትወጣ ቆረጠች። ታላቂቱ ምግብ አልወርድላት አለ። ከመጋረጃው ወዲያ የሚመጣው የመኪና ድምፅ ሲቀር እዚያ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደምትውል አሰበችና ፈራች። ይህን ግን ከአፏ ማን ያውጣው! በመጨረሻ ባሏን ላከችው፣ ሌላ የሚላክ ስላልነበረ።

"ክፉ አስቤ አይደለም በላት። ደንበኛ እንዳታጣ ብዬ ነው በላት።"

"እውነትሽን ነው" ብሎ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ቆይቶ ሲወጣ ፊቱ ሌላ ሆኗል።

"ነገርካት?"

"ነገርኳት። ግን እሷም እኮ እውነቷን ነው።"

"እንዴት ሆኖ?"

"ስትተረትሪው ደንበኛዋ ሳቀች። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ ስለነበር አላየሽም፤ እሷ አይታለች። ከዚያን ቀን ወዲህ የሰፋችውን ራሷ መልሳ ትተረትረዋለች። እኔ ብሆን ቅዳሜንም አልጠብቅ።"

"ለመሆኑ አንተ የማን ባል ነህ?"

"ያንቺ ነኛ! እውነትሽን ነው" አለና ተመልሶ ገባ።

አሁን ደግሞ ለሚስቱ ጠበቃ ሆኖ ሲሟገት በመጋረጃው በኩል ይሰማታል። "እናታችሁ ስትሞት እኮ እሷም ልጅ ነበረች። አንቺን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ ነው ልብስ መስፋት የተማረችው። አሁን ትሄጃለሽ ብላ እህል አልቀምስ ብላለች።" ይህን ንገራት አላለችውም። ጆሮዋ በሐፍረት ጋለ። "ማን አስወራህ!" ልትል አፏን ከፈተች፤ ከመጋረጃው ወዲያ የመኪናው ድምፅ ቀጥ ማለቱን ስትሰማ ግን መልሳ ዘጋችው።

ሳምንቱን ሙሉ ሲመላለስ ከረመ። ከወዲህ የሰማውን ወዲያ፣ ከወዲያ የሰማውን ወዲህ እያደረሰ፣ በደረሰበት ሁሉ ሌላዋን ወክሎ እየተሟገተ፣ መጋረጃውን በእጁ ቀለም አዥጎረጎረው። "እኔስ ባል ሳይሆን ዥዋዥዌ ነው ያገባሁት" አለች ታላቂቱ። ቢሆንም አንድ ነገር እረፍት ነሳት። ሌላ ሰው "እህትሽ እንዲህ አለች" ቢላት "ውሸት ነው" ብላ ትዘጋው ነበር። እሱን ውሸታም ማለት አልቻለችም። የእህቷን ቅሬታ ሲያመጣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነው፣ በራሱ የደረሰ ያህል። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ሲሠሩ እህቷን እንዲህ ሰምታት አታውቅም ነበር።

ቅዳሜ መኪናውን የሚጭን ጋሪ ገፊ መጣ። መኪናው ከባድ ስለሆነ ጋሪ ገፊው በውጭ በኩል፣ ቀለም ቀቢው በውስጥ በኩል ሆነው አነሱት። የበሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ ታላቂቱ አላስችል አላት።

"ቀስ! እግሩን ትሰብሩታላችሁ!"

"እውነትሽን ነው" ብሎ ወደ ውስጥ ሳበው።

"ጋሼ፣ ግፋው እንጂ!" አለች ታናሺቱ።

"እውነትሽን ነው" ብሎ ገፋው።

"ደመናውን አታዩም? ምንም ሳይለብስ ዝናብ ሊመታው ነው?" ሳበው።

"ምንም ዝናብ የለም!" ገፋው።

ጋሪ ገፊው ወገቡን ይዞ ጮኸ። "ሰውዬ! ወይ አስገባ፣ ወይ አስወጣ!"

"እውነትህን ነው" አለ ቀለም ቀቢው፤ ከሁለቱ የትኛውን እንደሆነ ስላላወቀ ግን ባለበት ቆመ።

መኪናውን ደፉ ላይ አሳረፉት፣ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። ቀለም ቀቢው ላቡን ጠርጎ ሚስቱን አያት። ያን ጊዜ ገባት። አንድ ቃል ከተናገረች መኪናው ይመለሳል። እህቷ ግን በዚያ አትመለስም። ባሏን ተወችና ወደ እህቷ ዞረች።

"እጅጌው ደህና ነበር" አለች።

"ምን አልሽ እትዬ?"

"ደህና ነበር አልኩሽ። ከእኔ ስፌት ይበልጥ ነበር። ከእንግዲህ እንደማልረባሽ አየሁና ደነገጥኩ። አጥፍቻለሁ። መሄድ ካለብሽ ሂጂ፣ መኪናሽን ራሴ እጭንልሻለሁ።"

ታናሺቱ እጇን መኪናዋ ላይ አሳረፈች። ቀለም ቀቢው ጉሮሮውን ሲጠራርግ ሁለቱም በአንድ ድምፅ "አንተ ዝም በል!" አሉት።

"እሱስ እውነታችሁን ነው" አለ።

ታናሺቱን ሳቅ አመለጣት። ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ በክንዷ ዓይኗን ጠራርጋ ጋሪ ገፊውን "ወንድሜ ይቅርታ፣ ወደ ውስጥ ነው" አለችው። ጋሪ ገፊው ያለውን እዚህ መጻፍ አይቻልም። ብቻ አስገባው።

ሥራ ሲያበቃ ባልና ሚስት ወደ ቤት አመሩ። እሷ ድካምም እፎይታም አንድ ላይ ተጭነዋት እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች። እሱ በድንገት መንገዱ መሀል ቆመ።

"በዕድሜዬ ካንቺ የተሻለ ሰው አላየሁም" አላት።

ይህን ማን ነገረው ብላ ግራ ቀኟን አየች። በአቅራቢያው ማንም የለም። ቀኑን ሙሉም ስለ እሷ አንድ ደግ ቃል የተነፈሰ ሰው አልነበረም። ከራሱ ነው ያወጣው። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቅ አላት፤ ቀና ስትል ግን ማዕዘኑ ላይ ጸጉር አስተካካዩ ደጃፉ ላይ ቆሞ ባሏን በእጁ ሲጠራው አየች። ያ ሰውዬ ደግሞ ስለ ሁሉም ነገር አንድ የሚለው አያጣም።

ክንዱን ይዛ ወደ ጓሮው ቅያስ ጎተተችው።

"ምነው፣ በዋናው መንገድ አይቀርብም?"

"አይቀርብም" አለችው፤ ሌላ ሰው ሳያገኘው ቤት ልታስገባው ተጣደፈች።