በር ላይ የቀረችው እጅ

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ሌላ ሰው ቢያየው ኖሮ አልጋው ይሰበር ነበር። እኔ ስለሆንኩ ቻልኩት።

ከዚያ በፊት ግን ይህን እወቁልኝ። የምጽፈው ልቦለድ ቢያልቅ ኖሮ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ቁልቁለት በአንባቢ ሰልፍ ይዘጋ ነበር። ምን ያደርጋል፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመብኝ። ባሏን ጥላ የሄደች ሴት ተመልሳ መጣችና በሩን ልታንኳኳ እጇን አነሳች። እዚያው እንዳለች ሁለት ክረምት አለፈ። ባልየው ከፍቶ ምን እንደሚላት አጣሁ፤ የጻፍኩት ንግግር ሁሉ አነሰብኝ። ሴትየዋ ባለቤቴን ዘውድነሽን ትመስላለች የሚሉ አሉ። ዘውድነሽ እህቷ ዘንድ ከሄደች ቆይታለች፤ ሰው ደግሞ ሲያወራ አያፍርም።

በሕልሜ ቤቶች በእግራቸው ይሄዳሉ። አንዲት ቆርቆሮ ክዳን ቤት መጥታ ደረቴን አንኳኳች።

«ሰዎች! ኧረ ሰዎች! ማንም የለም?»

«አለሁ እንጂ! ያውም እኔ!»

«ሌላስ?»

«ሌላ... የለም።»

«እንግዲያው ባዶ ነው» ብላ ወደ ጎረቤቴ አለፈች።

አፍሬ መጻሕፍት መደብር ገባሁ። መደርደሪያው ላይ የተደረደርነው እኛ ሰዎቹ ነን፤ መራጮቹ መጻሕፍቱ ናቸው። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጃኬቴን ገለጥ አደረገና ለጓደኛው፣ «ይሄ እንኳ ሽፋን ብቻ ነው» አለው።

«ወንድሜ፣ ሳትጨርሰኝ አትፍረድ!»

«አንተስ ራስህ መቼ ጨረስክ?» ብሎ መልሶ ሰካኝ።

ከመደርደሪያው ዘልዬ ብወርድ የገዛ ጠረጴዛዬ ፊት ቆምኩ። ወንበሬ ላይ ያቺ የልቦለዴ ሴት ተቀምጣለች። አንድ እጇ እንደተነሳ ነው፤ በሌላው ትጽፋለች።

«ምን ትጽፊያለሽ?»

«አንተን። በሩ ጋ አድርሼህ አልከፍት አልከኝ። እጄ ደነዘዘ እኮ!»

«አይዞሽ፣ ስከፍት የምለው ንግግር አለኝ፤ ሰማይ የሚሰነጥቅ...»

«አንተ ሰውዬ!» አለች፣ በዘውድነሽ ድምፅ። «ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ንግግር ልሰማ ነው? ‹ግቢ› በለኝ።»

«ግቢ ብቻ?»

«ብቻ።»

«ለእኔ ዓይነቱ ሰው አያንስም?»

«ለእኔ ይበቃኛል።»

ተነስታ ወጣች። በሩን ከውጭ ዘጋችው። ከዚያ፣ ከሁለት ክረምት በኋላ፣ አንኳኳች።

ኳ። ኳ። ኳ።

ነቃሁ። ማንኳኳቱ ግን አላቆመም። ነግቷል። በባዶ እግሬ፣ ጋቢዬን እየጎተትኩ ወደ ውጭው በር በረርኩ፤ መብረቅ ቢከተለኝ አይደርስብኝም ነበር። መቀርቀሪያውን ሳብኩና ገና ሳላይ፣

«ግቢ» አልኩ።

የጎረቤቴ የእትዬ ዘይነባ ፍየል ቀንዷን ከበሩ ቆርቆሮ ላይ አንስታ ትክ ብላ አየችኝ።

ገባች።