የዳኛውን ደመወዝ የሚያውቁት ክቡር ሆገን

በዚህ ምድር ላይ የራሱን ደመወዝ የሚደብቅ እንጂ የሰው ደመወዝ የማያውቅ ሰው የለም። የቤዝቦል ሜዳ ባለበት ከተማ ሁሉ ደግሞ ከዳኛው ጀርባ ተቀምጦ የዳኛውን ደመወዝ ለሕዝብ የሚያውጅ አንድ ሰው አይጠፋም። በኛ በአሜሪካዋ የአዮዋ ግዛት ትንሽ ከተማ ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ቨርሊን ሆገን ናቸው።

ክቡርነታቸው ሠላሳ አንድ ዓመት በእህል ጎተራው ሚዛን ላይ ቆመው የገበሬውን በቆሎ ሲመዝኑ፣ በየቀኑም “ሌባ!” ሲባሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። አሁን ተራው የእሳቸው ነው። ሦስተኛ ረድፍ፣ ወንበር ሰባት። እኔ ስምንት ላይ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጆሮዬን ገብሬላቸዋለሁ።

“አራት መቶ ሺህ ዶላር!” ይላሉ ገና ጨዋታው ሲጀመር። “አራት መቶ ሺህ እየበላህ መነጽር መግዛት አቃተህ?”

የመጀመሪያው ሆት ዶግ ሲያልቅ አምስት መቶ ሺህ ይሆናል። በአንድ ከሰዓት ብቻ አንድ ዳኛ ከሆገን አፍ ሦስት የደመወዝ ጭማሪ ያገኛል።

“ጋሼ፣ ይሄን የሚያገኙት እኮ የላይኛው ሊግ ዳኞች ናቸው” አልኳቸው አንዴ። “ይሄ የታችኛው ሊግ ልጅ ነው። መኪናውን አላዩትም? የኋላ መስኮቱ ፕላስቲክ ነው።”

“ሀብታም እንዳይለምኑት የማያደርገው የለም” አሉኝ።

ከሁሉ በላይ ደማቸውን የሚያፈላው የዳኛው መጥረጊያ ነው። ከዳኛው ፊት ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀልበውን ተጫዋች ኳሷ ስትመታው፣ ዳኛው ጨዋታውን አስቁሞ፣ ትንሿን ብሩሽ አውጥቶ፣ መሬት ላይ ያለችውን ነጭ ሰሌዳ ቀስ ብሎ ይጠርጋል። ሰሌዳዋ ንጹሕ ናት፤ ቀላቢው ትንፋሽ እንዲሰበስብ ነው። ዳኛው ሲመታ ደግሞ ቀላቢው ወደ ኳስ ወርዋሪው ሄዶ ስለ ምንም ነገር ያወራል። በሕግ መጽሐፍ ያልተጻፈ፣ ግን ማንም የማይጥሰው ውለታ ነው። ለሆገን ግን ይህ ስርቆት ነው። ሰዓታቸውን አውጥተው ይቆጥራሉ።

“ምን ትጠርጋለህ? ሰርግ አለብህ እንዴ?”

ባለፈው ነሐሴ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሩፊኖ ኬሳዳ የሚባለው ዳኛ ተራ ነበር። ከፊታችን ባርኔጣ ያደረጉ ሴትዮ ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። ከሊጉ የተላኩ ገምጋሚ መሆናቸውን የማያውቅ አልነበረም። ከወደዱት ኬሳዳ ወደ ላይ ይወጣል፤ ካልወደዱት ወደ አባቱ የጣሪያ ሥራ ይመለሳል።

“ዛሬ የእጁን ያገኛል!” አሉ ሆገን፣ እጃቸውን እያፋተጉ።

ወደ ማብቂያው ላይ ኳሷ ከዱላው ጫፍ ተንሸራትታ የኬሳዳን ደረት መታችው። ጎንበስ ብሎ ቀረ። ቀላቢው ወደ ወርዋሪው ሄደ፣ አወራ፣ ወሬው አለቀበት፣ ተመለሰ። ኬሳዳ አሁንም በሁለት እጁ ጉልበቱን እንደተደገፈ ነው። የቡድኑ ሐኪም ከዳር ተነሣ። እሱ ከገባ ዳኛው ይወጣል፤ ደብተሩም ይዘጋል።

ሆገን ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ብድግ ብለው ወደ መረቡ ወረዱ።

“ስድስት መቶ ሺህ! ስድስት መቶ ሺህ እየበላህ ቆመህ ትተኛለህ?” ብለው ኮፍያቸውን በመረቡ ሥር ወደ ሜዳው ወረወሩት።

ኬሳዳ ቀና አለ። ጣቱን ቀስሮ “ውጡ!” አላቸው።

አወጣጣቸው! መጀመሪያ ጉልበታቸው ታመመ። ከዚያ መነጽራቸው ጠፋ፤ ግንባራቸው ላይ ተገኘ። በየረድፉ ሰላምታ ሰጡ፣ ወይዘሮ ኦስትቢን ስለ ቲማቲማቸው ጠየቁ፣ ደረጃውን ጨርሰው የረሱትን የወንበር ትራስ ሊወስዱ ተመለሱ። ሜዳው ሁሉ ጮኸባቸው። እኔም ጮኽኩባቸው፤ በጣም አፍሬባቸው ነበር። በመጨረሻ ዞር ስል ኬሳዳ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰሌዳዋን ይጠርጋል፣ ሴትየዋ ይጽፋሉ።

ከጨዋታው በኋላ ሆገንን መኪናቸው ውስጥ ሬዲዮ እየሰሙ አገኘኋቸው።

“ልጁ ጨረሰ?”

“ጨርሷል።”

“ስንት ደቂቃ ወሰድኩ?”

ልጁ ትንፋሽ እንዲሰበስብ ብለው እንደተባረሩ ያኔ ገባኝ። “አራት” አልኩ።

“አምስት ነው። በሰዓቴ ይዤዋለሁ።”

“ለባለ አራት መቶ ሺህ ይሄን ያህል መልፋት ምንድን ነው?”

“የምን አራት መቶ ሺህ? ደመወዙ ለኪራይና ለቤንዚን አይበቃውም፣ አንተ ጅል! መኪናውን አላየኸውም?”

“ታዲያ ለምን ይጮሁበታል?”

“እውነተኛውን ብጮህ ሰው ያዝንለታል። የታዘነለትን ዳኛ ማን ይሰማዋል? እኔ ሚዛን ላይ የቆምኩት እየተዘነልኝ መሰለህ?”

ኬሳዳ ወደ ላይ ወጣ። ክቡርነታቸው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከሜዳ ታገዱ። ወንበር ሰባት ባዶ ሆነ፣ ጆሮዬም አረፈ፤ ጨዋታው ግን ጨው አልነበረውም። በሚቀጥለው እሑድ አዲሱ ዳኛ ዓይን ያወጣ ስህተት ሠራ። ሰው ሁሉ ዝም። ሳላስበው ተነሥቼ ቆሜያለሁ።

“አራት መቶ ሺህ ዶላር!” ብዬ ጮኽኩ።

ከአጥሩ ውጭ፣ ከመኪና ማቆሚያው በኩል፣ የማውቀው ድምፅ መለሰልኝ።

“አምስት!”