ሟርተኛው ሲኞር ጂልዶ

በእኛ በሰሜን ጣሊያን ተራራ መንገድ ላይ የቱሪስት አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ዘፋኝ ነው፣ ወይ ሟርተኛ። ሦስተኛ ዓይነት አለ የሚል ሰው ከቦልዛኖ ከተማ ወጥቶ አያውቅም። ዘፋኙ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው አበባ ያሳያል፤ ተሳፋሪው ያጨበጭብለታል፤ አስጎብኚዋ ደግሞ ከጎኑ ተቀምጣ ጸሎቷን ታደርሳለች። ሟርተኛው ግን መሪውን በሁለት እጁ አንቆ ይይዝና ሰማዩን፣ አስፋልቱን፣ ተሳፋሪውንና አስጎብኚዋን በእኩል ዓይን ይጠረጥራል።

እኔ ዘጠኝ ዓመት አስጎብኚ ሆኜ የተቀመጥኩት ከሟርተኞቹ ሁሉ አለቃ ጎን ነው። ሙሉ ስማቸው ኤርሜኔጂልዶ ዞርዚ ይባላል። ስሙ ራሱ ሦስት መታጠፊያ ስላለው ሁላችንም ሲኞር ጂልዶ እንላቸዋለን።

ክቡር ሲኞር ጂልዶ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ባቡር ጣቢያው አደባባይ ይደርሳሉ። ጎማዎቹን በጫማቸው ጫፍ መታ መታ ያደርጋሉ፣ ጎንበስ ብለው ፍሬኑን ያሸታሉ፣ ከዚያ ቀና ብለው ሰማዩን ያያሉ። ሰማዩ ከጠቆረ «አላልኩም?» ይላሉ። ጥርት ካለ ይብስባቸዋል፤ ምን ደብቆ ነው እያሉ እስከ ቀትር ድረስ ሰላም አያገኙም። ተሳፋሪ ሲገባ «ደስ የሚል ቀን ነው» ካላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ገና ነው።» ማታ በሰላም ደርሰን፣ ሰዉ ወርዶ፣ በሩ ተዘግቶ «ተመስገን ዛሬም ገባን» ስላቸው እንኳ «ነገ ገና ነው» ይሉኛል።

ከካናዜይ መንደር በላይ መንገዱ መጠማዘዝ ይጀምራል። መታጠፊያው ሁሉ ቁጥር አለው፤ በሲኞር ጂልዶ ዘንድ ደግሞ ቁጥሩ ሁሉ ታሪክ አለው። እኔ በማይክሮፎን ስለ ድንጋዩ ሮዝ ቀለም ሳወራ እሳቸው ከጎን ያስገባሉ። ስድስተኛው ላይ የአንድ አውቶቡስ ፍሬን ጨሰ፣ አሥራ አንደኛው ላይ ፖም የጫነ መኪና ተገለበጠ፣ አሥራ ዘጠነኛው ላይ አማታቸውን አስመለሳቸው። ሦስቱንም የሚናገሩት በአንድ ዓይነት ሐዘን ነው። ማይክሮፎኑ ድምፃቸውን እንደሚይዝ ስንቴ ነገርኳቸው፤ ይያዝ፣ ሰዉ ይወቅ ነው መልሳቸው።

ምሳ የምንበላባቸው ቤቶች ከወጥ ቤቱ ጀርባ ለሾፌርና ለአስጎብኚ የተለየች ጠባብ ክፍል አላቸው። ሲኞር ጂልዶ በሯ ላይ ብቅ ሲሉ ሌሎቹ ሾፌሮች ሹካቸውን አስቀምጠው የመኪና ቁልፋቸውን ይጨብጣሉ፤ ብረት የነካ ሰው ክፉ አያገኘውም ነው ነገሩ። ቱሊዮ የሚባለው ዘፋኝ ሾፌር አንድ ቀን «ጂልዶ፣ አንተ ስትሞት ሬሳህን የሚጭነው መኪና ጎማው ይተነፍሳል» አላቸው። ሲኞር ጂልዶ የበቆሎ ገንፏቸውን፣ ፖለንታቸውን፣ በማንኪያ እየቆረሱ ትንሽ አሰቡበት። «የፊት ቀኙ ነው የሚሆነው» አሉ።

ጥፋት ደግሞ በእሳቸው ደጅ አልፎ አያውቅም። ከዘገየን ጥፋቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው። መንገድ ከሳትን የምልክቱ ነው። ቡናቸው ከፈሰሰ የእኔ ክርን ነው፤ እኔ ከሩቅ ቆሜም ቢሆን ክርኔ መሆኑ አይቀርም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከአፋቸው ይቅርታ የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እና ቆጠራው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት የፈጠሩት የሲኞር ጂልዶ አያት ሳይሆኑ አይቀሩም። ከእያንዳንዱ እረፍት በኋላ ሰው ሦስት ጊዜ ይቆጠራል፤ አንዴ በመስተዋት፣ አንዴ በመተላለፊያው እየሄዱ፣ አንዴ ወደ ውጭ ወርደው በመስኮት። ቁጥሩ ሦስቴም ልክ ይመጣል። ያኔ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው መሪውን እያዩ «አንድ ሰው ጎድሏል፤ ይሰማኛል» ይላሉ። ሁልጊዜ ነው የሚሉት። ሁልጊዜም ማንም አልጎደለም።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ከፖ ወንዝ ሜዳ የመጡ አርባ ሦስት ጡረተኞች ይዘን ወጣን። ተራራ ማለት ለእነሱ የደብራቸው ደወል ቤት ነው። ከመካከላቸው ሲኞር አርዱይኖ የሚባሉ የሰባ ስምንት ዓመት አዛውንት ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ነገር ይረሳሉ፣ ጆሯቸውም ይከብዳል። እህታቸው ሲኞራ ኢርማ መኪና ስለሚያስመልሳቸው ከእኛ ኋላ ተቀመጡ፤ ሲኞር አርዱይኖ ግን የሚርቀውን መንገድ ማየት እወዳለሁ ብለው ብቻቸውን መጨረሻ ወንበር ሄዱ። ስልካቸው እህታቸው ቦርሳ ውስጥ ነበር።

መንገዱ ተራራውን የሚሻገርበት ፖርዶይ አናት ላይ ስንደርስ ጉም ወረደ፤ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብም መጣ። ሰዉ ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ ሲኞር ጂልዶ እንደ እኛው ሰማያዊ የሆነ ሌላ አውቶቡስ መውጫውን ስለዘጋባቸው መኪናውን ወደ ታችኛው ሜዳ አዞሩት። ተሳፋሪው በዝናብ ኮፍያው ተሸፋፍኖ እየሮጠ ገባ። ሲኞር ጂልዶ ቆጠሩ፤ አርባ ሦስት። ደገሙት፤ አርባ ሦስት። ወርደው በመስኮት ቆጠሩ፤ አርባ ሦስት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው አንድ ሰው ጎድሏል አሉ።

እኔ እግሬ ርሷል፣ በርዶኛል። «ሲኞር ጂልዶ፣ ሦስቴ ቆጠሩ እኮ። እባክዎ ይሂዱ» አልኳቸው። ሰዉም ከኋላ ሳቀ። ትንሽ አዩኝና ሞተሩን አስነሱ።

ሠላሳ ሦስቱን መታጠፊያ ወርደን አራባ የምትባል መንደር ለምሳ ስንቆም ከመጨረሻው ወንበር አንድ ጢማም የእግር ተጓዥ ዓይኑን እያሸ ተነሳ። ኮፍያውን ገልጦ የት እንደደረስን ጠየቀኝ። የመጣው በዚያኛው ሰማያዊ አውቶቡስ ኖሯል፤ ብርዱን ሸሽቶ ያገኘው መኪና ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። ሲኞር ጂልዶ ሦስቴም ልክ ቆጥረዋል፤ የቆጠሩት ግን ራስ ነው እንጂ ፊት አይደለም። የእኛ ሙያ ስህተት እንዲህ ናት።

ያኔ ትዝ አለኝ። ፖርዶይ ላይ ሲኞር አርዱይኖ ከመጸዳጃ ቤት ወጥተው አውቶቡሱን ቦታው ላይ ሲያጡት ያገኙት እኔን ነበር። ከወቅት ውጪ ሆኖ የተዘጋ አንድ ሱቅ ነበር፤ የእሱ በረንዳ ላይ አቆምኳቸውና «እዚህ ይቁሙ፣ መጥቼ እወስድዎታለሁ» አልኳቸው። ከዚያ አንዲት ሴት ተንሸራተው ወደቁ፣ እሳቸውን ደግፌ ገባሁ፣ ሰውየውን ረሳሁ።

ላይ ያለው ቡና ቤት ደወልኩ። አስተናጋጇ ወጥታ ተጣርታ ተመለሰች፤ ማንም አይመልስም፣ በዚህ ጉም የገዛ እጄንም ማየት አልቻልኩም አለች። ሲኞራ ኢርማ አጠገቤ ቆመው ሁሉንም ከፊቴ ላይ እያነበቡ ነበር። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ሲኞር ጂልዶ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈሩት ደረሰ። እኔ የጠበቅኩት «አላልኩም?» እንዲሉኝ ነበር። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን የቀሩትን ተሳፋሪዎች ወደ ምሳ ላኩና ቁልፋቸውን አነሱ። «ይነሱ ሲኞራ፤ ወንድምዎን እናምጣ» አሉ።

ባዶውን አውቶቡስ ይዘን ሦስት ሆነን ወጣን። ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። በዚያ ሁሉ መታጠፊያ ላይ ስለ አንድም አደጋ ትንፍሽ አላሉም። ሲኞራ ኢርማን ስለ ወንድማቸው ጠየቋቸው፤ ሴትየዋም ወንድማቸው ርግብ እንደሚያረቡ፣ ርግቦቹን በየስማቸው እንደሚጠሩ እያለቀሱ ነገሯቸው። ሲኞር ጂልዶ ስንት ርግብ እንዳለ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ክረምት የት እንደሚያድሩ ረጋ ባለ ድምፅ ደጋግመው ይጠይቃሉ። ሴትየዋ «ይኖራል? አገኘዋለሁ?» ሲሏቸው «ያገኙታል» አሉ። እኚህን ሰው ዘጠኝ ዓመት ሳውቃቸው ተስፋ ሲሰጡ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ አናቱ ስንቃረብ ጎንበስ ብዬ ሹክ አልኳቸው። «እኔ ነኝ። ይቁሙ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ረሳኋቸው።»

መታጠፊያውን አዙረው ጨረሱ። «ዝም በይ፣ መንገዱን ልይበት» አሉኝ።

ሲኞር አርዱይኖ ያቆምኳቸው ቦታ ነበሩ፤ አንድ እርምጃ አልተንቀሳቀሱም። በረንዳዋ ግማሽ ጣሪያ ብቻ ስላላት ባርኔጣቸውና ትከሻቸው ነጭ ሆኗል፣ እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ከተዋል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል። እኔን ሲያዩ እንደ ጎበዝ ተማሪ ፈገግ አሉ። «አልሄድኩም፤ እንደተባልኩት ቆሜያለሁ» አሉኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ሲኞራ ኢርማ ወንድማቸውን አቅፈው ዞሩ። «ማነው እዚህ ቁም ያለው?»

አፌን ከፈትኩ። ሲኞር ጂልዶ ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ ሲኞራ» አሉ። «ቆጠራውንም የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ።»

ሴትየዋ ትክ ብለው አዩዋቸው። እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ሲሉ የነበሩት ሴት «አንተ ነህ?» አሉ። «አንተ ሰው ነህ? በዚህ ዕድሜህ አታፍርም?» በቦርሳቸው የሾፌሩን ደረት መቱት። ሲኞር ጂልዶ ኮፍያቸውን አውልቀው በረዶው እየወረደባቸው ቆሙላቸው።

ወንድምና እህት ወደ ሙቀቱ ሲገቡ የሲኞር ጂልዶን እጅጌ ያዝኩ፤ አሁኑኑ ሄጄ እናገራለሁ አልኳቸው። ኮፍያቸውን አራግፈው መልሰው አደረጉ።

«ስሚ ሎሬታ» አሉኝ። «እኔ ይህን ቀን ሠላሳ አራት ዓመት ስጠብቀው ኖሬያለሁ። አንቺ ትናንት መጥተሽ አትውሰጂብኝ።»

እውነቱን ልናገር፤ ቀለል አለኝ። አልሄድኩም፣ አልተናገርኩም።

መሥሪያ ቤቱ ከተራራው መስመር አወረዳቸው። አሁን ሜዳው ላይ፣ በፖም እርሻዎች መካከል፣ መታጠፊያ በሌለው መንገድ ከጣቢያ ወደ መንደር ይመላለሳሉ። ሲኞር አርዱይኖ ሳንባቸው ታሞ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ፣ ከዚያም ወደ ርግቦቻቸው ተመለሱ፣ በሚቀጥለው ፀደይ አረፉ። ብርዱ ይሁን ዕድሜው ሐኪምም አልተናገረም። ሲኞራ ኢርማ ግን እርግጠኛ ናቸው። በየዓመቱ በሙታን ቀን የወንድማቸው ፎቶ ያለበትን የመታሰቢያ ካርድ ለሲኞር ጂልዶ ይልካሉ፤ ከኋላው ምንም አይጽፉበትም።

ባለፈው ወር በዚያ አውቶቡስ ተሳፍሬ ካርዶቹን አየሁ። አምስቱን ካርድ በጎማ ማሰሪያ ጠቅልለው ከፀሐይ መከላከያው ሥር ሰክተውታል። ለምን አይጥሉትም አልኳቸው። የሞተ ሰው ፎቶ አይጣልም አሉኝና መንገዳቸውን አዩ። ፀጉራቸው ሳስቷል፣ አንገታቸው ቀጥኗል። እኚህን ጨለምተኛ ሰውዬ እንደምወዳቸው ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ የምወርድበት ደረሰና ወረድኩ።

ሲኞራ ኢርማ፣ ይህን የሚያነብልዎ ሰው ካለ ይስሙኝ። ዘንድሮ ካርዱን ወደ ሲኞር ጂልዶ አይላኩት፤ ለእኔ ይላኩት። ወንድምዎን «እዚህ ይቁሙ፣ መጥቼ እወስድዎታለሁ» ያልኳቸው እኔ ነኝ።