ለስድስት ቀን መንገድ የሁለት ወር ስንብት

ሰው አገር መሄድ ቀላል ነው። ከባዱ "ልሄድ ነው" ብሎ መናገሩ ነው። እናንተ ትልልቅ ከተማ ያላችሁት ሻንጣችሁን ጎትታችሁ፣ በራችሁን ቆልፋችሁ ውልቅ ትላላችሁ፤ ዘመድም መሄዳችሁን የሚሰማው እንደማንኛውም ሰው ከስልኩ ላይ፣ ፎቶአችሁን አይቶ ነው። እዚህ ቢቸና እንዲያ ያደረገ ሰው ሲመለስ ደጁን የሚረግጥለት አያገኝም። መንገድ የሚነገረው በተራ ነዋ! መጀመሪያ ለነፍስ አባት፣ ከዚያ ለወለደና ላሳደገ፣ ከዚያ ለአበልጅ፣ ጎረቤት መጨረሻ። ተራው የተዛባ እንደሆነ የተዘለለው ሰው ቂሙን ለልጅ ልጁ ያወርሰዋል፤ የልጅ ልጁም በማያውቀው ነገር ሰላምታ ይነሳችኋል።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከወንድሞቼ ደብተር ላይ እየሰረቅሁ ነው፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ ሳላነብ ጥዬ አላውቅም። ስለ ሩቅ አገር ከተሞች ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ የኖርኩት ደግሞ አንድ ቀን ላያቸው እንጂ፣ ለሄደ ሰው ስንቅ ላቀብል አልነበረም።

አዲስ አበባ የምትሠራው ልጃችን ሰላም ባለፈው ክረምት ደወለችና፣ "እማዬ፣ አንቺንና አባዬን ውጭ አገር ልወስዳችሁ ነው። ስድስት ቀን፤ ካይሮና እስክንድርያ" አለችኝ። ከቤታችን ድንበር የተሻገረ ሰው ኖሮ አያውቅም። ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። እስክንድርያ! ስሟን ቅዳሴ ላይ ስሰማ ያደግሁ፣ ግን እግር ይደርስባታል ብዬ ያላሰብኳት ከተማ፤ ከመሬት ይልቅ ለሰማይ የቀረበች ትመስለኝ ነበር።

ባሌ መምህር አንዳርጌ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። የዓለምን ከተሞች ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጠመኔ ሲሥል ሲያጠፋ ኖሯል፤ ራሱ ግን ከአዲስ አበባ አልፎ አያውቅም። "ደስ አለህ?" አልኩት።

"እስክንድርያ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት" አለኝ።

ይህ አዎ ይሁን አይ፣ እስካሁን አልገባኝም።

መጀመሪያ ክረምቱ ይውጣ አለ። ክረምቱ ወጣ። የማኅበር ተራችን ደርሷል አለ። ጠላው ተጠመቀ፣ ማኅበርተኛው በልቶ ጠጥቶ መርቆ ሄደ። ላሟ ልትወልድ ነው አለ። ላሟም፣ እግዜር ይስጣትና፣ ሳምንት ሳትቆይ ወለደች። እኔ ሞኟ "ሰውዬው ቤቱን ወዳድ ነው" እያልኩ ሻርፕ ስገዛ፣ በሶ ሳስፈጭ ሰነበትኩ። ግብጽ እህል የለም ያለኝ ሰው የለም፤ ብቻ ባዶ እጁን የሚወጣ መንገደኛ አልወድም። በመጨረሻ ሰላም ደወለች። "ትኬቱን በዚህ ሳምንት ካልቆረጥኩ የሥራ ፈቃዴ ያልፋል። ሌላ የማገኘው ከዓመት በኋላ ነው፤ እሱንም ከሰጡኝ" አለች።

ባሌ የመጨረሻዋን ጥይት ያወጣው ያን ጊዜ ነው። "የእማማን ምርቃት ሳልቀበል ድንበር አልሻገርም!"

እማማ ጥሩወርቅ ሞጣ የሚኖሩት አክስቱ ናቸው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞቱበት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ምርቃታቸውን መሻቱ ደግ ነበር፤ ጉዱ ግን ለእሳቸው ገና አለመንገራችን ነው። ለቢቸና ሕዝብ በሙሉ ከተነገረ በኋላ ማለቴ ነው! "ለእማማ እኔ እነግራቸዋለሁ" ብሎ ሁለት ወር አፍኖ የያዘው ራሱ ባሌ ነው። በዚህ መሀል ጎረቤታቸው የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ለገበያ ቢቸና መጡና፣ ከሸቀጡ ጋር ወሬውንም ሸክፈው ተመለሱ። በማግስቱ ከሞጣ መልእክት ደረሰን፤ "ከሐጂ ሰማሁ። ደግ አደረጋችሁ በሏቸው።"

ደግ አደረጋችሁ! ጎጃሜ እንዲህ ካላችሁ እንቅልፍ አይውሰዳችሁ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ማለዳ፣ ስኳርና ጥቁር ጃንጥላ ለእጅ መንሻ ይዘን በሚኒባስ ተነሳን። ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ እስክንገባ ባሌ የጃንጥላውን እጀታ ሲያሽ ቆየ። እኔ ስለት ስሳል ነበር። እማማ አይሆንም ካሉ እስክንድርያ ቀረች፤ እኔም ወደ ስኳር መጠቅለያዬ ልመለስ ነው።

እማማ ከተቀመጡበት መደብ አልተነሱም። እኔን ስበው ሳሙኝ። ባሌን ግን በእኔ በኩል ጠየቁት።

"ሰውዬው ደህና ነው?"

"ደህና ነው እማማ። ይኸው ቆሟል።"

"ላሟስ?"

"ወለደች።"

"እሷስ ጨዋ ናት። ሳትነግረኝ አገር ጥላ አልሄደችም።"

ባሌ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። "እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ቅር ካለዎት እቀራለሁ። አንዲት ቃል ይበቃኛል፤ 'ቅር' ይበሉኝ፣ እቀራለሁ።"

ድምፁ ውስጥ የሰማሁት ጸጸት አልነበረም። ተስፋ ነበር። እማማም ሰምተውታል መሰለኝ፣ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት።

"አንተ አንዳርጌ፣ የሾላው ዛፍ ትዝ ይልሃል?"

ባሌ መሬት መሬት አየ። እማማ ወደ እኔ ዞሩ። "የትልቋ ልጄ ሠርግ ዕለት ሾላ ልልቀም ብሎ ወጣልሽ። መውረድ አቃተው። ውረድ ስንለው ምን ቢለን ጥሩ ነው? 'እማማ ካልመረቁኝ አልወርድም!' መረቅሁት። አልወረደም። ሁለተኛ መረቅሁት። ወይ ፍንክች! ሚዜዎቹ ናቸው በመጫኛ አስረው ያወረዱት።"

ይሄኔ ነው እኔም ሠላሳ ዓመት ያላየሁትን ያየሁት። አዲስ አበባ በሄድን ቁጥር፣ አውቶቡሱ ደጀንን አልፎ የአባይ በረሃን መውረድ ሲጀምር ባሌ ጋቢውን ተከናንቦ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሽቅብ ወጥተን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ይነቃል። እኔ ደግሞ "የመምህርነት ድካም ነው" እያልኩ ሰው እንዳይቀሰቅሰው ስከላከልለት ኖርኩ!

"ፈራሁ አትልም?" አሉት እማማ። "ሐጂ እንኳ መካ በሮ መጥቷል። እንደ ባሕር ዳር ሚኒባስ ነው፣ ሰው በሰው ላይ አለመጫናቸው ነው ልዩነቱ፣ አለኝ።"

"ፍርሃት አይደለም እማማ..."

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ከፍታው ነው።"

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እማማ ግን አልሳቁም። "ስማኝ ልጄ" አሉት ቀስ ብለው። "ከሐጂ መስማቴ አይደለም የከፋኝ። ያን ሁሉ ሰው ስትሰናበቱ፣ 'እማማስ መሄድ ይፈልጉ ይሆን?' የሚል አንድ ሰው መጥፋቱ ነው።"

ይህን ጊዜ ሳቄን ዋጥኩት፤ እኔም አላልኩማ። እማማ እንደምንም ተነሱ፣ ሳጥናቸውን ከፈቱ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ፓስፖርት ነው። የደብሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም እንሳለማለን ሲሉ አብረው ያወጡት፣ ጉዞው ሲሰናከል ሳጥን ውስጥ የቀረ፣ አንድ ማኅተም ያላረፈበት ፓስፖርት።

"ይሄ ልጅ ካልፈለገው የእመቤቴን የስደቷን አገር እኔ ልየው። የደከመኝ ጉልበቴ ነው፤ ልቤ ደህና ነው።"

ባሌ በሕይወቱ እንዲያ ቀልጠፍ ብሎ ሲስማማ አይቼው አላውቅም። "ይሂዱ እማማ! ይሂዱ! ላሟን እኔ እጠብቃለሁ!"

እዚያው ሆነን ለሰላም ደወልኩላት። ስትስቅ ጆሮዬን ልታደነቁረኝ ደረሰች። "እሺ እማዬ፣ ግን የመስኮቱን ወንበር እንዳይነጥቁኝ!"

"የመስኮቱ የኔ ነው!" አሉ እማማ ከኋላዬ።

ትኬቱ ተቆርጧል። ወሬውም ቢቸናን አዳርሷል፤ "መምህር አንዳርጌ የራሱን ወንበር ላሳደጉት አክስቱ ሰጠ!" እየተባለ። የደብራችን ቄስ በስብከታቸው መሀል አንሥተውታል። እናቶች በመንገድ ሲያልፍ ለልጆቻቸው ያሳዩታል። ባሌም አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "ኧረ እኔ ምን አደረግሁ?" ይላል። እውነቱን እኮ ነው፤ ምን አደረገ?

እኔ ምላሴ እንደማያርፍ አገር ያውቃል። ቢሆንም የባል ክብር ነውና ለቢቸና ሰው ትንፍሽ አላልኩም። ለአንዲት ጎረቤት በጆሮዋ ሹክ ብላት ከሰዓት በኋላ ሞጣ ይገባል። ጽፌ ባሳትመው ግን ማን ያነበዋል ብዬ ይኸው ለእናንተ ጻፍኩት።